የ«መንጋጋ» ፍጥነት

ጥርስ ሠሪው ፈሪ ሰው ነው። ፈሪነቱንም እንደ ውድ ኮት በጥንቃቄ ይዞ፣ በየቦታው እየለበሰ፣ አንድም ቀን ሳይቀደድበት ሃምሳዎቹን አጋምሷል። ሊፍት ውስጥ ብቻውን አይገባም። ውሻ ካለበት ግቢ በር ላይ ሲደርስ የሰንሰለቱን ርዝመት በዓይኑ ሳይለካ አያልፍም። የታሸገ ፖስታ ከደረሰው ለሚስቱ ይሰጥና ፖስታውን ሳይሆን ፊቷን ያነባል። እንዲህ ያለው ሰው በወጣትነቱ ትራሽ ሜታል የሚሉት የጩኸትና የሩጫ ሙዚቃ፣ የከተማው ፈጣኑ ድራም መቺ ነበር ቢባል ማን ያምናል? እርሱም ራሱ በአብዛኛው አያምንም።

የሥራ ክፍሉ ከጥርስ ክሊኒኩ ጀርባ ያለች፣ አንድ መስኮትና አንድ ረጅም ጠረጴዛ ብቻ የያዘች ጠባብ ክፍል ናት። ሐኪሙ የታካሚውን የአፍ ቅርጽ ወስዶ ይልክለታል፤ እርሱ በቅርጹ ላይ ጄሶ ያፈስሳል፤ ጄሶው ሲደርቅ በላዩ ድድ በሰም ይሠራና ጥርሶቹን አንድ በአንድ ይተክላል። ቀጥሎ የምትጮኸውን ትንሽ መሞረጃ ይዞ ያለሰልሳቸዋል። እዚህ ላይ ፍርሃቱ ይጠቅመዋል፤ ጥርሱ እንዳይሰነጠቅ ስለሚሰጋ መሣሪያውን አጥብቆ አይጨብጥም፤ በጣቶቹ ጫፍ አንሳፎ ይይዘዋል እንጂ። ከግድግዳው መደርደሪያ ላይ ያለቀላቸውና ያላለቀላቸው የጄሶ መንጋጋዎች አፋቸውን ከፍተው ቁልቁል ያዩታል። አዲስ የመጣች የክሊኒኩ ረዳት አንድ ጊዜ «ጋሼ፣ እነዚህ አያስፈሩዎትም?» ብላ ጠይቃው ነበር። «እነርሱስ ዝም ብለው ነው የሚያዩት» አላት።

ስልኩ የጮኸው አንድ የላይኛ መንጋጋ እያለሰለሰ ሳለ ነው።

«መብረቅ» አለ ድምፁ።

በዚህ ስም የጠራው ሰው ከስንት ዘመን ወዲህ አልነበረም። መሞረጃውን አጠፋ።

«ማን ልበል?»

«ጉሮሮ ነኛ። ረሳኸኝ እንዴ አንተ?»

አልረሳውም። ጉሮሮ ማለት «ዝገት» ይባል የነበረው የድሮ ባንዳቸው ዘፋኝ ነው፤ ዘፈን ማለት ከሆድ ዕቃ ተነስቶ የሚወጣ ጩኸት ነው ብለን ከተስማማን። ዛሬ በአውቶቡስ መናኸሪያ የመነሻ ሰዓት የሚያውጅ ሠራተኛ ነው። የእርሱን ማስታወቂያ ሰምቶ አውቶቡስ ያመለጠው መንገደኛ የለም ይባላል፤ ደንግጦ የማይሄድበት አውቶቡስ ላይ የወጣ ግን አለ።

«ልንሰባሰብ ነው» አለ ጉሮሮ። «የድሮውን ሲኒማ ቤት አግኝተናል።»

«ማን ሊመጣ? የኛ ዘመን ሰው እንደሆነ ወገቡን ያመዋል።»

«ልጆች ናቸው የሚመጡት። ካሴታችንን ከየት እንዳገኙት እንጃ፣ አንዲት ምት ሳይስቱ በቃላቸው ይዘውታል። ‹መንጋጋ›ን ልክ እንደ ካሴቱ አድርገን እንድንጫወትላቸው ነው የሚፈልጉት።»

«እንደ ካሴቱ?»

«እንደ ካሴቱ።»

የጥርስ ሠሪው አፍ ደረቀ። እምቢ ሊል ፈለገ፤ ነገር ግን እምቢ ማለትም ድፍረት ይጠይቃልና «እሺ» አለ።

«መንጋጋ» የባንዱ የመጀመሪያና ዝነኛ ሥራ ነው። አራቱ ልጆች ይህን ርዕስ ሲመርጡ ከመካከላቸው አንዱ የዕድሜ ልክ እንጀራው መንጋጋ እንደሚሆን አልጠረጠሩም። ዘፈኑ የተቀዳው የጊታር ተጫዋቹ የሽቦ እናት ቤት፣ ግድግዳው ሁሉ ፍራሽ በተደገፈበት መኝታ ክፍል ውስጥ ነው። ሽቦ ስሙን ያገኘው ከቅጥነቱ ነው፤ ዛሬ የሊፍት ጥገና ሠራተኛ ነው፤ ቅጥነቱ ግን አልተጠገነም። መቅጃ ማሽኑን ያመጣው ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ድንጋይ ነበር። ከመናገር መታገሥን የሚመርጥ ሰው ስለሆነ ነው ድንጋይ የተባለው። ማሽኑን ከተጣለበት አንስቶ፣ የሞተ ሞተሩን በሌላ ሞተር ተክቶ አነቃው። ድምፅ ማጉያው የተቀደደ ስለነበር ማሽኑ መቅዳት እንጂ ማሰማት አይችልም። ስለዚህ የተቀዳውን ካሴት ጉሮሮ ቤት ወስደው በቤቱ ማጫወቻ ከፈቱት።

የሰሙትን አላመኑም። ፍጥነቱ ሌላ ነው፤ ጊታሩ ቀጭንና ስለታም፣ የጉሮሮ ጩኸት የሚተናነቅ ድመት ይመስል ነበር። ደግሞ ግሩም ነበር። የራስ ድምፅ ሲቀዳ ሁልጊዜ እንግዳ ነው የሚል ነገር ከአንድ ቦታ ሰምተው ስለነበር፣ «እንዲህ ነን ለካ» ብለው ደስ አላቸው። ካሴቱ ከሰው ሰው እየተገለበጠ ከተማውን አዳረሰ። ድራም መቺው «መብረቅ» ተባለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኑሮው ጭንቅ ሆነ፤ መድረክ ላይ በወጣ ቁጥር ሰው የሚጠብቀው እርሱን ሳይሆን ካሴቱን ነውና።

ሽቦ ክሮቹን ከልካቸው በላይ እየወጠረ ካሴቱን አመሳሰለ። ጉሮሮ ጉሮሮውን እያደማ ተከተለ። መብረቅ ግን አልደረሰበትም። በመጨረሻው ኮንሰርታቸው፣ የዘፈኑ ሁለተኛ አንጓ እንዳለቀ፣ ዱላዎቹን አንቀው የያዙት እጆቹ ከክንዱ ጀምረው ደነዘዙ። ቆመ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ቆሙ። አዳራሹ ፀጥ አለ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። መብረቅ ተነሥቶ በጓሮ በር ወጣ፤ ድራሙንም ሸጠ፤ ባንዱም በዚያው ፈረሰ። ከጓደኞቹ አንድም የወቀሰው አልነበረም፤ ቢወቅሱት ኖሮ ቢያንስ የሚከራከርበት ያገኝ ነበር።

ከስልኩ በኋላ በነበሩት ሳምንታት እንቅልፉ ተቆራረጠ። ለወጉ ድራም ተከራይቶ በክሊኒኩ መጋዘን ውስጥ ይለማመዳል፤ ዘፈኑን ይጀምራል፤ ሁለተኛው አንጓ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ማንም ሳይነካው ይቆማል። በመጨረሻም የመጀመሪያው የጋራ ልምምድ በሚደረግበት ቀን፣ ጠዋት ሥራ ቦታው ገብቶ ጄሶ በጠበጠና ቀኝ እጁን ከጣቶቹ ሥር እስከ ክርኑ ድረስ ለሰነው። የጥርስ ጄሶ ሲደርቅ እንደሚግል ከማንም በላይ ያውቃል፤ በገዛ ቆዳው ላይ ግን አይቶት አያውቅም ነበር። መስኮቱን ከፍቶ እጁን ወደ ውጭ አውጥቶ ቆየ። መደርደሪያው ላይ ያሉት አፋቸውን ከፍተው አዩት።

የዕቅዱ አንድ ጉድለት ሚስቱ የአጥንት ክፍል ነርስ መሆኗ ነበር።

«ምን ሆነህ ነው?» አለችው፣ ምሳ ሊበላ ገና ከመግባቱ።

«ወደቅሁ። ስብራት ነው አሉኝ።»

«እነማን?»

«ሐኪሙ።»

እጁን ወስዳ በጣቷ አንጓ አንኳኳችው። አዞረችው። አሸተተችው።

«ይሄ ሐኪም፣ የሚያክመው ጥርስ ነው?»

«እንዴት?»

«ቢጫ ነዋ። ፋሻ የለው፣ ጥጥ የለው። የኛ ጄሶ ነጭ ነው፣ የኔ ጌታ። አንተ ክንድህን ድድ አድርገህ ነው የሠራኸው።»

ጥርስ ሠሪው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። መጋዝ አምጥታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና መቁረጥ ጀመረች። ጥጥ ስላልነበረው ጄሶው የክንዱን ፀጉር ይዞ ነበር የሚላቀቀው።

«ፈርቼ ነው» አላት።

«እሱንማ ካገባሁህ ጀምሮ አውቃለሁ። ምኑን ነው የፈራኸው?»

«ያን ፀጥታ። ያኔ ስቆም የመጣውን። ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ ረሳሁት አልልም ግን ኖርኩበት። አሁን ደግሜ ከቆምኩ የሚተርፈኝ እሱ ብቻ ነው።»

የመጨረሻው ቁራጭ ሲነሳ ፊቱን አጨማደደ።

«እንግዲያው ሂድና አልችልም በላቸው» አለችው። «ሰው በአፉ ነው የሚናገረው፤ ጄሶ ልከህ አታናግራቸው። ስትመለስ ደግሞ ቅባት እቀባልሃለሁ፤ ተቃጥለሃል።»

ልምምዱ የድንጋይ መጠገኛ ሱቅ ውስጥ ነበር። ድንጋይ ዛሬ የቤት ዕቃ ጠጋኝ ነው፤ የማይዞሩ ማራገቢያዎች፣ የማይግሉ ካውያዎች፣ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ብሎኖች እስከ ጣሪያው ሞልተዋል። ጥርስ ሠሪው ሲገባ ሽቦ ካሴቱን በአንድ ማጫወቻ እያሰማ ጊታሩን ከእርሱ ጋር ለማመሳሰል ይወጥር ነበር። ጉሮሮ አንድ ያረጀ ልብስ ማጠቢያ ላይ ተቀምጧል።

«መብረቅ መጣ» አለ ጉሮሮ። «ክንድህን ምን ነካው? የተነጨች ዶሮ ነው የሚመስለው።»

«የሥራ ነገር ነው።»

«ጥርስ ነከሰህ?»

ክሩ ጧ ብሎ ተበጠሰና የሽቦን ጉንጭ ገረፈ።

«ሦስተኛው ነው» አለ ሽቦ ጉንጩን እያሸ። «ይሄ ዘፈን ከጥንትም ጠላቴ ነው። ጊታር እንዲህ አይወጠርም። ሊፍት እንኳ በዚህ ገመድ አላንጠለጥልም።»

«ካሴቱ እንዲህ ነዋ የሚለው» አለ ጉሮሮ።

ጥርስ ሠሪው ቆሞ ነው። መንገድ ላይ ሲያጠናው የመጣው ዓረፍተ ነገር አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ አልችልም። ልቡ ድው ድው ሲል፣ እዚያ የተከመሩት ማራገቢያዎች ሁሉ የሚሰሙት መሰለው።

«አንድ ነገር ልነግራችሁ...» አለ።

«ቆይ፣ መጀመሪያ እንስማት» አለ ጉሮሮ። «ግልባጩ እኮ ተበላሽቷል፤ ይንሿሿል። ዋናው የት ነው ያለው?»

ድንጋይ መሰላል ላይ ወጣ። ከላይኛው መደርደሪያ በአንሶላ የተጠቀለለ ነገር አወረደ፤ ያው የድሮው መቅጃ ማሽን ነበር። ያኔ ከተገለበጠ በኋላ ወደ ሆዱ የተመለሰው ዋናው ካሴት እዚያው አለ። ድንጋይ ሥራ በሌለበት አንድ ከሰዓት ድምፅ ማጉያውን ቀይሮለት ነበር፤ ከፍቶ ለመስማት ግን አስቦ አያውቅም። ሰካውና ቁልፉን ተጫነ።

ከማሽኑ የወጣው ከባድና ጥቁር ድምፅ ነበር። «መንጋጋ» ነው፤ ግን ጫማ አጥልቆ፣ እርምጃውን እየቆጠረ የሚሄድ «መንጋጋ»።

«ማሽንህ ሞቷል፤ እየጎተተ ነው» አለ ሽቦ።

ድንጋይ ግንባሩን ቋጥሮ ሰማ። ሊያጠፋው እጁን ዘረጋ፤ ግን ዘፈኑ አለቀ። መጨረሻው ላይ ሁሉም በቃላቸው የሚያውቁት ነገር አለ፤ የሽቦ እናት በሩን ከፍታ ስትቆጣቸው አብሮ ተቀድቷል። በካሴቱ ላይ ድምፅዋ እንደ ጫጩት ስለሚንጫጫ፣ ዘመኑን ሙሉ እርሷን እያስመሰሉ ሲሳሳቁ ኖረዋል። እርሷም በሕይወት ሳለች አብራቸው ትስቅ ነበር።

«ልጆች፣ አሁንስ በቃ» አለ ማሽኑ፣ ዝግ ባለ፣ ትንሽ በጎረነነ የሴት ድምፅ። «የጎረቤት ሕፃን አስለቀሳችሁ። ኑ፣ ምሳችሁን ብሉ።»

ሽቦ ጊታሩን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠ።

«እማዬ ናት» አለ። ቆየና፣ «ራሷ ናት እኮ። ድምፅዋ እንዲህ ነበር። እኔ ረስቼው...»

ድንጋይ ወደኋላ መልሶ እንደገና አሰማ። ልጆች፣ አሁንስ በቃ። ሽቦ ፊቱን ወደ ካውያዎቹ አዞረ።

ከዚያ ድንጋይ በሕይወቱ ረጅሙን ንግግር አደረገ።

«ሞተሩ የኔ ነው። እኔ ነኝ የተከልኩት፤ ልክ ያልሆነ ሞተር ነው፤ ቀስ ይላል። ያኔም ቀስ እያለ ነው የቀዳን። ቀስ ብሎ የተቀዳ ነገር ጤነኛ ማጫወቻ ውስጥ ሲገባ ይሮጣል፤ ይቀጥናል። እሷን ጫጩት ያደረጋት እሱ ነው። እኛ እንዲህ ነበርን፤ አሁን እንደሰማችሁት።»

ጉሮሮ ከልብስ ማጠቢያው ላይ ወረደ።

«ታዲያ እኛ፣ ያን ሁሉ ጊዜ፣ ማንን ለመድረስ ነው ስንሮጥ የኖርነው?»

«ሞተሩን» አለ ድንጋይ።

«እኔ ደም ተፍቻለሁ። ሐኪም ቤት ሄጄ ‹ምን ዋጥክ?› ተብያለሁ።»

«እኔ ይኸው ጉንጬ» አለ ሽቦ፣ ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ።

ሁሉም ወደ ጥርስ ሠሪው ዞሩ። እርሱ አንድ የተሰበረ ማራገቢያ ክንፍ ይዞ ቆሟል። ስሙን፣ ያን ፀጥታ፣ የጓሮውን በር፣ ዛሬ ጠዋት ያቃጠለውን ክንዱን ጭምር ያመጣበት አንድ ከቆሻሻ የተለቀመ ሞተር ነበር። መናደድ እንደሚገባው ተሰማው፤ ግን ለመናደድ ጊዜ አላገኘም፤ እፎይታ ቀድሞት መጣና ጉሮሮ በለቀቀው ልብስ ማጠቢያ ላይ ተቀመጠ።

«ምን ልትነግረን ነበር?» አለው ጉሮሮ።

«ምንም። በዚህ ፍጥነት ከሆነ፣ እችላለሁ።»

በዚያው ተስማሙ። ሽቦ ክሮቹን ወደ ልካቸው አላላ፤ ጉሮሮም በራሱ ድምፅ ጮኸ። በእውነተኛው ፍጥነት ሲለማመዱት፣ ጥርስ ሠሪው የሁለተኛውን አንጓ መጨረሻ ሳይቆም አለፈ። ወደ ቤቱ ሲሄድ ግን ሌላ ፍርሃት ተከተለው፤ የድሮውን ፍርሃት ቦታ ባዶ ሆኖ ሲያገኘው ሰተት ብሎ ገባ። ልጆቹ የሚያውቁት ካሴቱን ነው። በቀስታ ቢጀምሩስ? ደግሞ ቢሳቅስ?

የኮንሰርቱ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ሚስቱ ውኃ ሰጠችው። የብርጭቆው ጠርዝ ከጥርሶቹ ጋር ተንገጫገጨ። እግሮቹ በረዶ ሆነዋል፤ ጀርባውን ላብ አጥምቆታል፤ ሽንት ቤት ደርሶ መጥቶ እንደገና መሄድ አስፈልጎታል።

«ቀስ ብለን ነው» አለው ጉሮሮ ትከሻውን ይዞ። «አንተ ነህ የምትቆጥረው። እኛ አንተን ነው የምንከተለው። ቀስ።»

«ቀስ» አለ ጥርስ ሠሪው።

መጋረጃው ተከፈተ። ወንበሮቹ እስከ ኋላው ግድግዳ ተሞልተዋል፤ ረድፍ በረድፍ፣ አፋቸውን የከፈቱ ልጆች። በሥራ ክፍሉ መደርደሪያ ላይ ያሉትን መሰሉት፤ እነዚህ ግን ዝም ብለው አያዩም፤ ይጮኻሉ። ዱላዎቹን አንሥቶ እርስ በርሳቸው እያጋጨ አራት ቆጠረ። በጣም ቀስ ብሎ የቆጠረ መስሎታል። ግን ሰው ቀስታን የሚለካው በልቡ ነው፤ የእርሱ ልብ በዚያ ሰዓት ከደረቱ ወጥታ ልታመልጥ ስትጋልብ ነበር።

የመጀመሪያውን ምት ሲመታ የሽቦ አንገት ወደ እርሱ ተጠመዘዘ። ጉሮሮ ማይኩን እንደያዘ ዓይኑ ፈጠጠ። የካሴቱ ፍጥነት ነበር፤ ራሱ፣ ሳይጎድል። ጥርስ ሠሪው ገብቶታል። ሊያዘገየው ፈለገ፤ ማዘግየት ግን የመቆም ጎረቤት ነው፤ ከሁሉ የሚፈራው ደግሞ መቆምን ነው። ስለዚህ ሮጠ። ሌሎቹም ምርጫ ስላልነበራቸው፣ ውሻ እንዳየ ሰው ተከትለውት ሮጡ።

የሁለተኛው አንጓ መጨረሻ ሲመጣ ከሩቅ ታየው። ክንዱ ሊደነዝዝ ነው ብሎ ጠበቀ። ዓይኑን ጨፈነ። እጆቹ ግን የዚያ የልጁ እጆች አልነበሩም፤ ዕድሜ ልካቸውን ጥርስ እንዳይሰነጠቅ ሲሰጉ የኖሩ፣ ማነቅን የረሱ እጆች ናቸው። ዱላዎቹ በጣቶቹ ጫፍ ተንሳፈው ይዘላሉ። ዓይኑን ሲገልጥ አንጓው ከኋላው ቀርቶ ነበር።

የመጨረሻው ምት ሲያርፍ አዳራሹ ፀጥ አለ። ለቅጽበት ነው፤ ለእርሱ ግን ያን ሁሉ ዓመት ያህል ነበር። መጣ፣ አለ በልቡ፤ ዓይኑም የጓሮውን በር ፈለገ። ከዚያ ጩኸቱ ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ።

ከመድረኩ ጀርባ ጉሮሮ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ያለከልካል። አንዲት ወጣት ያረጀ ካሴት ለማስፈረም ቀረበች።

«በጣም ግሩም ነበር፣ ጋሼ» አለችው ለጥርስ ሠሪው። «ከካሴቱ ግን ትንሽ ቀስ አላለም?»

ክሮቹ ስለላሉ ድምፁ ወፍሮ ነው እንዲያ የመሰላት። ማስረዳት ረጅም ነገር ሆነበት።

«ትንሽ» አላት በትሕትና፣ ፈረመላትም።

ልጅቷ ስትሄድ ጉሮሮ ከወለሉ ቀና አለ።

«ቀስ ብለን ነበር የተባባልነው።»

«ፈርቼ ነው» አለ ጥርስ ሠሪው። የድራሙን ሳህን ብሎን ሊፈታ ቢሞክር ጣቶቹ አልታዘዝ ስላሉት፣ ሚስቱ ከእጁ ወስዳ ፈታችለት።

«የሲኒማ ቤቱ ሰውዬ በሚቀጥለው ወር ድገሙልኝ ይላል» አለ ሽቦ። «ምን ልበለው?»

ጥርስ ሠሪው ይህን እንደ ሰማ አፉ ደረቀ፤ ሚስቱን አያት፤ እርሷም ፊቱን አንብባ የተረፈውን ውኃ አቀበለችው። ድንጋይ የቤዝ ጊታሩን ገመድ እየጠቀለለ ሁሉንም ሲታዘብ ቆይቶ ነበር።

«እሺ በለው» አለ። «መብረቅም እንደፈራ ይምጣ።»